«ዘለፈ» ማለት ምን ማለት ነው? የአንድ ግስ ትርጉምና አገባብ በቅዱስ መጽሐፍና በዕለታዊ ንግግራችን



ቅዱስ ጳውሎስ ለመንፈሳዊ ልጁ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 4 ቁጥር 2፣ ለቃሉ አገልጋይ ሦስት ትእዛዛትን አከታትሎ ይሰጣል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እነዚህ ትእዛዛት የተገለጡት «ዝለፍ»፣ «ገሥጽ» እና «ምከር» በሚሉት ግሶች ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰሚውን አያደናግሩም። የመጀመሪያው ግን በዛሬው ምእመን ጆሮ የሚያስተጋባው ሌላ ድምፅ ነው። ዛሬ «እገሌ እገሌን ዘለፈው» ሲባል የምንረዳው ሰደበው፣ አዋረደው፣ በሰው ፊት ክብሩን ነካው ማለት እንደ ሆነ ነው። ታዲያ ሐዋርያው ያን ወጣት የመንጋ ጠባቂ «ሂድና ሕዝቡን ስደብ» ብሎ አዘዘውን?

ይህን ጥያቄ ለማንሣት ያነሣሣን ነገር ቀላል አይደለም። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍልም ሆነ በቤተሰብ መካከል ሁለት ዓይነት ስሕተት ይታያል። አንዳንዶች «ዝለፍ ተብሎ ተጽፏል» በማለት ተማምነው፣ ዘግይታ ልጇን ለጥምቀት ያመጣችውን እናት በጉባኤ መካከል ያሳፍራሉ፤ ጸሎት ያላጠናውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት መሳለቂያ ያደርጋሉ። ሌሎች ደግሞ ቃሉን ስለሚፈሩት ጥፋትን እያዩ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውንም ትሕትና ይሉታል። ሁለቱም ወገኖች ግሱን ያነበቡት በዛሬው ትርጉሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከየት እንደ መጣ፣ የት የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ቀስ ብለን እንመልከት።

ግሱ የግእዝ ነው። በአማርኛ ሲረባ ዘለፈ፣ ይዘልፋል፣ ዘልፎ፣ መዝለፍ ይላል፤ ስሙ ዘለፋ፣ አድራጊው ዘላፊ፣ የድርጊቱ ተቀባይ ተዘላፊ ይባላል። በግእዝ የነበረው ትርጉሙ በደለኛን ፊት ለፊት ጥፋቱን መንገር፣ መውቀስ፣ በማስረጃ መርታት ነበር። «ተዛለፈ» የሚለው ዘርፉም ተከራከረ፣ ተሟገተ ወደሚል ሐሳብ ያዘነብላል። እንግዲህ የቃሉ የትውልድ ቤት የሸንጎ አደባባይ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው እውነቱ እስኪወጣ ድረስ የሚነጋገሩበት ቦታ ነው። (የግእዝ ጀማሪ ተማሪዎች «ዘልፈ» የሚለውን ቃል ሲያገኙ ከዚህ ግስ ጋር እንዳያምታቱት እናሳስባለን። እርሱ «ሁልጊዜ» ማለት ነው። አንድ ተማሪ ቢያምታታው የምስጋናውን ጸሎት ሁሉ ወደ ወቀሳ ይለውጠዋል።)

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት መዝገበ ቃላት ያዘጋጁልን ሊቃውንት ባለውለታዎቻችን ናቸው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ብዙ ዓመታት ደክመውበት አስፋፉት፤ ለኅትመት ያበቁት ግን ደስታ ተክለ ወልድ ሲሆኑ፣ መጽሐፉ የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነው። ደስታ ተክለ ወልድ ራሳቸው ያዘጋጁት ትልቁ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1962 ዓ.ም. ታትሟል። አንድ ቃል በሦስት ትውልድ እጅ ሲጠበቅ ማየት ያስደንቃል።

ከእነርሱ በፊትም ወደ እኛ አገር ቆላ የመጡ የቃላት ሰብሳቢዎች ነበሩ። በ1839 እ.ኤ.አ. ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሁለት የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ከታጁራ ወደብ ተነሥተው የአፋርን በረሓ አቋርጠው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ ገቡ። የመጡበት መንገድ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ነበር፤ ከበረሓው ወጥቶ በይፋት ቆላ በኩል ወደ አንኮበር ተራራ የሚያወጣው ነው። ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1841 እ.ኤ.አ. በለንደን አሳተመ።

በዚያ መንገድ ላይ፣ ከአንኮበር ቁልቁል፣ አሊዩ አምባ ትገኛለች። ገበያዋ አማራውንና አርጎባውን፣ አፋሩንና ኦሮሞውን፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ሲያገናኝ የኖረ ነው። ልዩ ልዩ ቋንቋና ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች በሚገናኙበት ስፍራ ቃል ይመዘናል። በአንድ ቋንቋ ቀላል ቀልድ የሆነው በሌላው ከባድ ስድብ ሊሆን ይችላል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ተመልሶም አይያዝም። የአካባቢያችን ሽማግሎች በዕርቅ ሲቀመጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው፤ ተናጋሪው እንዲወቅስ ይፈቅዱለታል፤ ሊሰድብ ሲል ግን ያቋርጡታል። በወቀሳና በስድብ መካከል ያለውን ድንበር ማንም መጽሐፍ ሳያስተምራቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ በ2ኛ ጢሞ. 4፥2 «ዝለፍ» ለተባለው የቆመው ግስ «ኤሌንኮ» ነው። ይህ ግስ የተሰወረውን ወደ ብርሃን ማውጣት፣ ጥፋትን በማስረጃ አሳይቶ ጥፋተኛው ራሱ እንዲያየው ማድረግ ማለት ነው። ልብ ልንለው የሚገባን ደግሞ ይህ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ይህንኑ አንድ የግሪክ ግስ በሦስት የተለያዩ ግሶች ተርጉሞታል። በ2ኛ ጢሞ. 4፥2 «ዘለፈ» አለው። በማቴ. 18፥15 ጌታችን የበደለህን ወንድም ብቻህን ሄደህ እንድታነጋግረው ሲያዝዝ፣ ያው ግስ «ወቀሰ» ሆኗል። በዮሐ. 16፥8 መንፈስ ቅዱስ በዓለም ላይ የሚያደርገው ሥራ እንደዚሁ «ወቀሰ» ተብሏል። በራእይ 3፥19 ጌታ ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን ለሚወዳቸው የሚያደርገውን ሲናገር «ገሠጸ» ሆኖ እናገኘዋለን። መጥምቁ ዮሐንስ ሄሮድስን ስለ ወንድሙ ሚስት ፊት ለፊት በተናገረው ጊዜም (ሉቃ. 3፥19) ግሪኩ የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። ጢሞቴዎስ «ዝለፍ» ሲባል የታዘዘው፣ መንፈስ ቅዱስ በሰው ኅሊና ውስጥ የሚሠራውንና ወንድም ለወንድሙ በምስጢር የሚያደርገውን ያንኑ ሥራ እንዲሠራ ነው። መንፈስ ቅዱስ ማንንም አይሰድብም። ስለዚህ በዚያ ጥቅስ «ዝለፍ» የሚለውን «ስደብ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቃሉን ከወንድሞቹ ከ«ወቀሰ» እና ከ«ገሠጸ» ለይቶ ብቻውን ያስቀረዋል ማለት ነው።

በብሉይ ኪዳንም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በኢትዮጵያ የቆየ የመጻሕፍት አቈጣጠር መጽሐፈ ምሳሌ በሁለት ተከፍሎ የመጀመሪያው ክፍል «ምሳሌ»፣ ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለው ደግሞ «ተግሣጽ» ይባላል። በዚሁ ተግሣጽ በተባለው ክፍል፣ በምዕራፍ 27 ቁጥር 5፣ ጠቢቡ በግልጥ የሚነገርን ዘለፋ ከማይገለጥ ፍቅር ያስበልጠዋል። ዘለፋ በዚያ ስፍራ ከፍቅር ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ተቀምጧል። ስድብ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሚዛን ላይ ምን ያደርግ ነበር?

ለዘለፋ በዚህ በጥንቱ ትርጉሙ ከነቢዩ ናታን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም (2ኛ ሳሙ. 12)። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን ካስገደለው በኋላ፣ ናታን ወደ ንጉሡ ገብቶ የአንዲት በግ ታሪክ ነገረው። ንጉሡ ታሪኩን ሰምቶ በባለጠጋው ላይ በቁጣ ፈረደ። ነቢዩ ከዚያ በኋላ ነው ፍርዱ በራሱ በንጉሡ ላይ መሆኑን የነገረው። እዚህ ላይ የናታንን ብልሃት እንመልከት። የሰደበው ቃል አንድም የለም፤ ያጎደለው እውነትም የለም። ዳዊት በራሱ አፍ ራሱን ፈረደ። ነገርን በምሳሌ ሸፍኖ መናገር የለመደ የአገራችን ሰው የናታንን አካሄድ ለመረዳት የውጭ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

እንግዲህ ከዘለፈ ጋር የሚቀራረቡትን ሌሎች ግሶች ጎን ለጎን አድርገን አገባባቸውን እንይ። መዝገበ ቃላት አንዱን በሌላው ይተረጉማቸዋል፤ ንግግራችን ግን አያምታታቸውም።

«ወቀሰ» የሚለው ግስ ቅርበትን ይጠይቃል። የማናውቀውን መንገደኛ አንወቅስም፤ የምንወቅሰው ከእርሱ የተሻለ ነገር የጠበቅንበትን ሰው ነው። ስለዚህ ወዳጆች ተወቃቀሱ ሲባል የዕርቅ መጀመሪያ ይሆናል። ተዘላለፉ ሲባል ግን የጠብ መጨረሻ ነው። ኅሊናም ይወቅሳል፤ ሰው ራሱን ወቀሰ ይባላል፤ ራሱን ገሠጸም ይባላል። ራሱን ዘለፈ ሲባል ግን ጆሮአችን አይቀበለውም። ይህ ትንሽ የሚመስል ፈተና ብዙ ይነግረናል፤ በዛሬው አማርኛ ዘለፋ ከውጭ ተወርውሮ የሚመታ ነገር ሆኗል፤ ሰው ደግሞ በራሱ ላይ ድንጋይ አይወረውርም።

«ገሠጸ» ሥልጣንን ወይም ኃላፊነትን ይጠይቃል፤ አባት ልጁን፣ መምህር ተማሪውን፣ እረኛ መንጋውን ይገሥጻል። ጌታችን ርኩሱን መንፈስ (ማር. 1፥25)፣ ነፋሱንም (ማር. 4፥39) ገሠጸ፤ ሥልጣኑን ያሳየበት ነውና። በማር. 8፥32-33 ደግሞ አስደናቂ ነገር እናነባለን። ጴጥሮስ ጌታን ወደ እርሱ ወስዶ ሊገሥጸው ጀመረ፤ ጌታም ዘወር ብሎ ጴጥሮስን ገሠጸው። ግሱ አንድ ነው፤ የጴጥሮስ ግን ያለ ቦታው የገባ ነበር። የቃሉ ትክክለኛነት በፊደሉ ብቻ እንደማይለካ ከዚህ ይታያል። ሥሩም በግእዝ ማስተማርንና መቅጣትን አጣምሮ ይይዛል። በላቲን «ካስቲጋሬ» የሚባለው ግስ ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ ንጹሕ ከሚለውና ማድረግ ከሚለው ቃል የተገናኘ ሲሆን፣ አንድን ሰው አርሞ ንጹሕ ማድረግ ማለት ነበር። ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው «ካስቲጌት» ዛሬ በአብዛኛው በሰው ፊት በጽኑ ቃል መንቀፍ ማለት ሆኗል። የማንጻቱ ሐሳብ ወድቆ የጅራፉ ድምፅ ቀረ። ዘለፈም በእኛ አገር የገጠመው ከዚህ ብዙ አይለይም።

«ነቀፈ» ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሥራን ይመለከታል። መጽሐፉን ነቀፈ፣ አሠራሩን ነቀፈ ማለት ይቻላል፤ መጽሐፉን ገሠጸ አይባልም። ይሁን እንጂ ወደ ሰው ሲዞር ክፉ ይሆናል፤ በማቴ. 5፥11 ጌታ ስለ ስሙ የሚደርስባቸውን ስደት ሲናገር ከስደቱ ጋር የተጠቀሰው ነቀፋ የክፉ ሰዎች ሥራ ነው። ስለ «ሒስ» እና ስለ «ግምገማ» ብዙ መናገር አያስፈልግም። የመጀመሪያው የግእዝ ዘር ያለው ቃል ሲሆን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግለ ሒስ ከሚባለው ጋር በየስብሰባው ተሰማ፤ ሁለተኛው በኋላ በነበረው ዘመን ተንሰራፋ። በእነዚያ ስብሰባዎች የተቀመጠ ሰው ሁሉ ማረምና ማስፈራራት በአንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚመስል ያስታውሳል።

«አወገዘ» ግን ጥቂት ሊያቆየን ይገባል። ዜና አንባቢው በየዕለቱ «ድርጊቱን በጽኑ አወገዘ» ሲል ስለምንሰማ ቃሉ ረክሷል። በቤተ ክርስቲያን ግን ውግዘት ሰውን ከምሥጢራት ኅብረት የሚለይ የመጨረሻ ፍርድ ነው። በአገራችን ታሪክ በ1878 እ.ኤ.አ. በቦሩ ሜዳ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በሰበሰቡት ጉባኤ፣ በሸዋ ብዙ ተከታዮች የነበሩት የሦስት ልደት ትምህርት ተወግዟል፤ የዚያ ቀን ቃል የብዙ ሰዎችን ሕይወት ነክቷል። በ1054 እ.ኤ.አ. በሮምና በቍስጥንጥንያ መካከል የተለዋወጡት ውግዘት ዘጠኝ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛና ፓትርያርክ አቴናጎራስ ከቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ አስወገዱት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ማንንም አላወገዘም። ጉባኤውን ጥቅምት 11 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዘመን ከጽኑ ቅጣት ይልቅ የምሕረትን መድኃኒት መጠቀም እንደምትመርጥ ተናግረው ነበር። ይህን የመሰለ ክብደት ያለውን ቃል በሰንበት ትምህርት ላይ ዘግይቶ በመጣ ልጅ ላይ መጣል አይገባም።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። ውኃው በተራ ነው፤ ተራውን የሚጠብቀውም የውኃ አባት ነው። አንደኛው ሌሊት ተነሥቶ ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ጠለፈው። በማለዳ የሁለተኛው ሽንኩርት ጠውልጎ ተገኘ። አሁን ምን ይባላል?

የተበደለው ሰው ብቻውን ወደ ጎረቤቱ ደጅ ሄዶ፣ «ወንድሜ፣ ተራዬን ወሰድህብኝ፤ ከሌላ ሰው ቢሆን ባልገረመኝ፤ ከአንተ ግን ይህን አልጠበቅሁም» ቢለው፣ ወቀሰው ይባላል። ማቴ. 18፥15 የሚያዝዘው ይህን ነው። ጎረቤቱ አልሰማም ብሎ ነገሩ ወደ የውኃ አባት ቢደርስና እርሱ፣ «ይህ ሥራ ልክ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ተራህን ለእርሱ ትለቅቃለህ፤ ዳግመኛም እንዳይለምድህ» ቢለው፣ ገሠጸው ይባላል። ሰውየው «አላደረግሁም» ብሎ ቢክድና ሽማግሎቹ ወደ ቦዩ ወስደው የተቈፈረውን አፈር፣ የእግሩን ዱካ፣ የረጠበውን ማሳ ቢያሳዩት፣ ምስክርም ቢያቆሙበት፣ እርሱም መልስ አጥቶ ዐይኑን ወደ ምድር ቢያደርግ፣ በጥንቱ አነጋገር ዘለፉት ይባል ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ቱግ ብሎ «ድሮም የሌባ ዘር ነህ» ቢለው ግን፣ በዛሬው አማርኛ ዘለፈው ይባላል። ሽማግሎቹ ያደረጉትና ይህ ሰው ያደረገው በአንድ ግስ ሊጠሩ ይችላሉ። በሽማግሎቹ ዘለፋ ሰውየው የሠራውን አየ። በሁለተኛው ዘለፋ ግን ያየው አባቱ ሲሰደብ ነው፤ ስለ ውኃውም የሚያስብበት ልብ የለውም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተበዳይ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህንኑ ነገር በጥልቀት መርምረውታል። ቅዱስ አጐስጢኖስ በማቴ. 18፥15 ላይ በሰበከው ስብከት ሰሚውን ይመረምረዋል፤ ወንድምህን የምታርመው ስለ ተጎዳህ፣ ራስህን ስለምትወድ ከሆነ ምንም አልሠራህም፤ እርሱን ስለምትወድ ከሆነ ግን መልካም አድርገሃል ይለዋል። በዚያው ስብከት በማቴ. 18፥15 ያለውን የብቻ ወቀሳና በ1ኛ ጢሞ. 5፥20 ያለውን የጉባኤ ተግሣጽ ያስታርቃቸዋል፤ በስውር የተሠራው ኃጢአት በስውር፣ በግልጥ የተሠራው በግልጥ ይታረም በማለት ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ደግሞ በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ወንድምን ማረም የፍቅር ሥራ መሆኑን ያስተምራል። አንድ ሰው ቢታረም የባሰ እንደሚከፋ ብናውቅ፣ ወንድማዊውን ተግሣጽ መተው እንደሚገባም ይናገራል፤ የተግሣጹ ዓላማ የሰውየው መመለስ ነውና፣ ዓላማው ከጠፋ ቃሉ ምን ይሠራል? በሥልጣን የሚያርም አለቃ ግን የማኅበሩን ጥቅም ስለሚጠብቅ በዚህ ምክንያት ብቻ ዝም አይልም። በሌላ ክፍል ደግሞ ቅዱስ ቶማስ ስድብን ሲመረምር ከባድ ጥያቄ ያነሣል፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የማያስተውሉ ብሏቸዋል (ሉቃ. 24፥25)፤ ጳውሎስም የገላትያን ሰዎች እንደዚሁ ብሏቸዋል (ገላ. 3፥1)፤ ይህስ ስድብ አይደለምን? መልሱ ጽኑ ቃል ለማረም የሚነገርበት ጊዜ አለ የሚል ነው። ሆኖም ይህ አልፎ አልፎ፣ በትልቅ ግድ ብቻ መሆን እንዳለበት ከቅዱስ አጐስጢኖስ ጠቅሶ ያስጠነቅቃል። እኛ ግን ያን ልዩ ፈቃድ ለዕለት ጥቅም እናውለዋለን።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1829 ወንድማዊ እርማትን ፍቅር ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ያኖረዋል። በቁጥር 2477 ደግሞ የሰውን ስም የሚያጎድፉትን በችኮላ መፍረድን፣ ሐሜትንና የሐሰት ክስን ለይቶ ያወግዛል። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ ይጠቅማል። ስለ ወንድሜ ጥፋት ለሦስተኛ ሰው መናገር ሐሜት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያንኑ ጥፋት ለራሱ ለወንድሜ መንገር ከሰባቱ መንፈሳውያን የምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው። ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ የሰሚው መለዋወጥ ብቻ ኃጢአትን ከምሕረት ይለያል።

አንድ ነገር እንጨምር። በ1ኛ ጢሞ. 5፥1 ሐዋርያው ሽማግሌን እንዳይገሥጽ፣ ይልቁንም እንደ አባት እንዲለምነው ጢሞቴዎስን ያዝዘዋል። በዚያ ጥቅስ ግሪኩ የሚጠቀመው ከላይ ያየነውን «ኤሌንኮ» አይደለም፤ በቃል መምታት ማለት የሆነ ሌላ ግስ ነው። ለወጣት የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይህ ወርቅ ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው ቢሳሳት እውነቱ አይሸሸግም፤ አነጋገሩ ግን ይለወጣል። «ጋሼ፣ እርስዎ እንደ አባት የምናይዎት ሰው ነዎት፤ ይህ ነገር ግን ልጆቹን እንዳያሰናክል ፈራሁ» የሚል ወጣት እውነቱን አላጎደለም። እንዲያውም አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዘዋል፤ በ«እርስዎ» ወቀሳ ይቻላል፣ ልመናም ይቻላል፤ በ«እርስዎ» መሳደብ ግን ምላስን ያሰናክላል። ሰው ሊሳደብ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ «አንተ» የሚወርደው ለዚህ ነው። እናቶችን «እማማ»፣ ታላላቅ እኅቶችን «እትዬ» ብሎ የጀመረ ሰውም ወደ ውርደት ቃል ለመድረስ መንገዱ ይረዝምበታል።

አንዳንድ ወገኖች «ዝለፍ» የሚለው ቃል ምእመናንን ስለሚያደናግር በንባብ ጊዜ በሌላ ቢተካ ይሻላል ይላሉ። በእኛ አስተያየት በንባብ መካከል ቃሉን መለወጥ አይገባም። አንባቢው የተጻፈውን ያንብብ፤ ሰባኪው ወይም መምህሩ ግን «ጥፋትን በማስረጃ ገልጦ መውቀስ ማለት ነው» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይፍታው። በራሳችን ንግግርና ጽሑፍ ደግሞ ስለ እርማት ስንናገር ወቀሰና ገሠጸ የሚሉትን ብንመርጥ፣ ዘለፈን ሕዝቡ ዛሬ ለሚያውቀው ለስድብ ብንተውለት የሚበጅ ይመስለናል። ሕያው ቋንቋ የወሰደውን ቃል በትእዛዝ መመለስ አይቻልም። ለአንባቢዎች ደግሞ ይህን እናስታውስ፤ «ገሠጸ» መካከለኛው ፊደል በኃላፊውም በትንቢቱም በትእዛዙም ይጠብቃል፤ ዘለፈ ግን የሚጠብቀው በኃላፊው ብቻ ነው። «ገሥጽ» የሚለውን አላልቶ የሚያነብ ሰው ብዙ ስለሚያጋጥም ከመድረኩ በፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ አንድ ጊዜ መለማመድ ይጠቅማል።

በየቁምስናው የሚሰበሰቡ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ማቴ. 18፥15ን ከሉቃ. 17፥3 ጋር ጎን ለጎን አንብበው፣ በአንደኛው ወቀሳ በሁለተኛው ተግሣጽ የተባለው ለምን እንደ ሆነ ቢወያዩበት መልካም ነው። ከዚያም ከላይ ወዳነሣነው ወደ ሸዋ ሮቢቱ ቦይ ተመልሰው ይህን ይጠያየቁ፤ ያ ሰው ውኃውን የጠለፈው የታመመ ልጁን ለማሳከም የሚሸጠው ሰብል እንዳይደርቅበት ፈርቶ ቢሆን ኖሮ፣ የውኃ አባቱ በየትኛው ግስ፣ በማን ፊት፣ በምን ሰዓት ሊያነጋግረው ይገባ ነበር?